ለሰገነት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰገነት የደቅ ደሴት ልጅ ናት። ቢያዝን የሚባለው ባሏ ከደሴቱ ጌሾ ጭኖ ሲመጣ ታንኳው ተገልብጦበት ሞተ፤ ሬሳው የተገኘው በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ሐይቁን ከቤቷ ደጅ ማየት አልሆነላትም። የዘጠኝ ዓመት ልጇን አካሉን ይዛ ባሕር ዳር ገባችና ከእኔ ግቢ ቀጥሎ ያለውን የቀበሌ ቤት ተከራየች። ወንድሟ ከደቅ ጌሾና ሎሚ ይልክላታል፤ እሷ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። አካሉን በዚያ አሳደገችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፣ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት።

ሀብተ ሥላሴ ባሕር ዳር፣ ደቅና ቁንዝላ በምትመላለሰው ጀልባ ላይ ሞተረኛ ነበር። ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ ታጥቦም ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ሰው ነው። ሚስቱ ሙሉነሽ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልወለዱም።

የሰገነትን ጆንያ ከደቅ የሚያመጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ወደቡ ላይ አስቀምጦላት ይሄድ ነበር። ቆይቶ እስክትመጣ መጠበቅ ጀመረ። ከዚያም ተሸክሞ ከበሯ ማድረስ አመጣ።

«እርስዎ ሞተረኛ ነዎት ወይስ ኩሊ?» አለችው አንድ ቀን፣ እኔ በራፌ ላይ ተቀምጬ።

«ጆንያው ይከብዳል ብዬ ነው።»

«ጌሾ እኮ ነው። ቅጠል!»

«እንግዲያው ሎሚው ነው የከበደኝ።»

ስትስቅ ሰማኋት። ሰገነት ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያው። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ በምትገባበት ቀን ሁሉ የዓሣ ወጥ ትሠራለች፤ እሱም በልቶ ጥቂት ተጫውቶ ይሄዳል። ማንበብ ስለማትችል የአካሉን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርሁ። አሁን ማንበቡ ወደ እሱ ዞረ፤ ሳይነገረኝ ተሻርሁ።

በዚያ ዘመን ከቀበሌያችን ብዙ ልጆች ወደ ሰሜን ሄደው ነበር። የሞታቸው ወሬ ሲመጣ ደግሞ የሚያረዳ ሰው ያስፈልጋል። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም፤ ቀትር ላይም አይነገርም። ጠዋት በማለዳ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ይገባሉ፤ ጎረቤት ከኋላ ይከተላል። በእኛ ሰፈር ይህ ሥራ የሦስት ሰዎች ሆኖ ቀረ፤ የዕድሩ ዳኛ አቶ ክንዱ፣ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስና እኔ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ቤት ገብተናል። አንደኛው ቤት የእኔ ነው፤ ያን ጊዜ የመጡት ሁለቱ ናቸው።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ሀብተ ሥላሴ ሦስታችንን በአንድነት አገኘንና «ሽማግሌ ሁኑኝ» አለ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅነውም።

«በዚህ ዕድሜህ?» አሉት መሪጌታ።

«በዚህ ዕድሜዬ ነው የቸገረኝ፣ የኔታ። በልጅነቴማ ብቻዬን ማደር አልፈራም ነበር።»

እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣን ሄድን። ሦስታችንም ነጭ ጋቢ ለብሰን ነበር። ፀሐይ ገና አልሞቀችም። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምቆጥረው፤ ያን ጊዜ ግን አንዳችንም አላሰብነውም። ለደግ ነገር የምንሄድ ስለሆነ ደስ ብሎን፣ በመንገድም እየተቃለድን ነበር። አቶ ክንዱ በዱላው በሩን መታ።

ሰገነት ጌሾ የምታበጥርበትን ሰፌድ እንደያዘች ከፈተች። ክንዱን አየች። መሪጌታን አየች። እኔን አየች። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«አካሉ!» አለች። «ልጄን! ልጄን!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ይከብደኛል። ፊቷን በጥፍሯ ስትቧጭር እጇን ለመያዝ ሞከርሁ፤ ጥላኝ ከመሬት ወደቀች። ጎረቤቱ ነጠላውን እያደገደገ እየጮኸ ግቢውን ሞላው። አቶ ክንዱ በመካከሉ ቆሞ «ለጋብቻ ነው! ኧረ ለጋብቻ ነው የመጣነው!» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ብዙ ቆይቶ ባንቺአየሁ፣ የማዶዋ ጎረቤታችን፣ ሰማችው። ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

«እናንተ ሰዎች» አለች ባንቺአየሁ፣ «እናንተን ልኮ ሚስት የሚያገኝ ማን ነው?»

ሰገነት ተነሣች። ጉንጯ ይደማል።

«ልጄ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ ልጄ። የሰማነው ክፉ ነገር የለም» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያው ውጡልኝ። ልጄን በቁሙ አስለቀሳችሁኝ። ሦስታችሁም ከዚህ ደጅ ሁለተኛ እንዳትደርሱ።»

ወጣን። ሀብተ ሥላሴ በእኔ ቤት ተቀምጦ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ ለቅሶውን ሰምቶ ቆሞ አገኘነው።

ከወር በላይ አላናገረችውም። ጆንያዋን ሌላ ሰው እየላከች ታስወስዳለች። የካቲት ሲያልቅ ከአካሉ ደብዳቤ መጣ፤ የተጻፈው እኛ ከሄድንበት እሑድ በኋላ ነው። ደብዳቤውን ይዛ በበሬ ፊት አለፈች፤ ወደ እኔ አልዞረችም። ወደቡ ድረስ ሄዳ ለሀብተ ሥላሴ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበላት። ከዚያ የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ።

«ሰው አትላክብኝ» አለችው። «ነገር ካለህ አፍ አለህ፤ ራስህ ና። ከፋሲካ በኋላ ና።»

«አንተ» ያለችው ያን ቀን ነው። ይህን ሲነግረኝ ከነገሩ ሁሉ ያስደነቀው እሱ ነበር።

በመጋቢት የአፋቤት ሽንፈት ወሬ መጣ። በሬዲዮ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ገበያ ላይ የሚንሾካሾከው ብዙ። ደብዳቤ የሚባል ነገር ቆመ። ፋሲካ አለፈ። ሀብተ ሥላሴ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ሳይለብሰው ቀረ፤ መጀመሪያ ደብዳቤ ይምጣ ብሎ ይጠብቃል።

ግንቦት አሥራ አንድ ቀን ጀልባዋ ላይ ክራንች የያዘ ወታደር ተሳፈረ። አበራ ይባላል፤ ወደ ቁንዝላ፣ ወደ እናቱ ይመለሳል። ሀብተ ሥላሴ ስለ አካሉ ጠየቀው።

«አካሉ ቢያዝን? አጠገቤ ነበር» አለ ወታደሩ። «አልቀበርነውም፤ ጊዜ አልነበረም።»

ማታ ሀብተ ሥላሴ ወደ እኔ መጣ። ክንዱንና መሪጌታን አስጠራሁ። እኛ እንዳንገባ ተከልክለናል። ሌላ ሽማግሌ ብንፈልግም ነጭ ለባሽ ባየች ጊዜ ያ ቀን ተመልሶ ሊመጣባት ነው።

«ራስህ ና ብላኛለች» አለ ሀብተ ሥላሴ።

«ብቻህን? መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉ መሪጌታ።

«አላየሁም።»

በማግሥቱ፣ ግንቦት አሥራ ሁለት፣ በቀትር ሄደ። ሰማያዊ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ እንደ ሁልጊዜው ጆንያዋን በትከሻው ይዞ ነበር። እኛ ከባንቺአየሁና ከሌሎቹ ሴቶች ጋር በእኔ ግቢ ከአጥሩ ሥር ቆምን። ጩኸቷን ስንሰማ ልንገባ ተስማምተናል።

ድምፅዋ በአጥሩ በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል።

«መጣህ? ፋሲካ ካለፈ ስንት ቀኑ! የፈራህ መስሎኝ ነበር።»

ጆንያው መሬት ሲነካ ሰማሁ።

«በል ግባ። ሳትጠይቀኝ መልሱን ልንገርህ?»

«ሰገነት» አለ። «የመጣሁት ለዚያ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አልሰማንም። ጩኸቷን ጠበቅን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ይዘው ጠበቁ። አልመጣም።

«አልነገራትም» አለኝ ክንዱ በጆሮዬ።

«ነግሯታል» አልሁት።

ፀሐይዋ ከራሳችን ላይ ዘወር እስክትል ቆምን። በመጨረሻ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ መጥታ ቆመች።

«አያ አዘዘ» አለችኝ፣ «ከዚያ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግቡ። አሁን መግባት ትችላላችሁ።»

ገባን። ሀብተ ሥላሴ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የሚያለቅሰው እሱ ነው። እሷ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«እንባዬን በጥር ጨረስሁት» አለችን። ይህን ያለችው ልትወቅሰን አይመስለኝም።

ድንኳን ተተከለ። ሦስት ቀን ሙሉ አላለቀሰችም፤ በዚህ ያሟት ነበሩ። ሀብተ ሥላሴ በድንኳኑ በር ላይ እንደ ዘመድ ቆሞ ለቀስተኛ ተቀበለ። በሰልስቱ ድንኳኑ ተነቀለ። ወንድሟ ሳምንት ሰንብቶ ወደ ደቅ ተመለሰ። ሀብተ ሥላሴ አልሄደም። ሽማግሌ የላከም፣ ሂድ ያለውም የለም። ደጅ በኩል ባለችው ክፍል ያድር ነበር፤ ከተዝካሩ በኋላ ግን ያቺ ክፍል የጌሾ ማስቀመጫ ሆነች።

በሚቀጥለው ዓመት ቀበሌው ነዋሪ ሲመዘግብ ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርሁ። ከቤታቸው ገብቼ ተቀመጥሁ። ሰገነት ጥቁሯን አላወለቀችም። እሱ ከአጠገቧ ሎሚ ይለቅማል፤ የበሰበሰውን ለብቻ፣ ደኅናውን ለብቻ።

«ሀብተ ሥላሴን ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኋት።

«ባል በል።»

ጻፍሁ። ቀጥሎ ያለው መጠይቅ ጋብቻው የተፈጸመበትን ቀን ይላል። ይህን ልዝለለው ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

«ምንድን ነው የዘለልኸው?» አለችኝ።

ነገርኋት። ሀብተ ሥላሴ ሎሚውን ተወት አድርጎ አያት።

«ግንቦት አሥራ ሁለት ብለህ ጻፍ» አለች።

ጻፍሁት።