ትከሻ ድረስ ተምረን ነበር

ጋሽ ነስሩ ሞቱ አሉኝ። «የትኛው ነስሩ?» አልኩ። ቡታጅራ ውስጥ ነስሩ ስለማይጠፋ ዕድሌን ልሞክር ብዬ ነው።

«ወጌሻው» አሉኝ።

አሁንም አላመንኩም። ትናንት ከአስር ሶላት ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኝተናል። ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው «ይሄ ነገር አሁንም ያዘነብላል» ብለውኛል። እንዲህ ያለ ሰው በማግስቱ ይሞታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ነስሩ የተሰበረ የሚጠግኑ፣ የወለቀ የሚመልሱ ጎረቤቴ ነበሩ። ሙያው ከአባታቸው የመጣ ነው። ልጆቻቸው ግን መርካቶ ይነግዳሉ፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ ሁሉም ለአረፋ ሲገባ ነው። በሬው ታርዶ ሥጋው ከተበላ በኋላ አጥንቱ አይጣልም፤ ጋቢ ይለብሳል። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደው፣ ሳያዩ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ይናገራሉ። ከዚያ አቻውን ሰው ላይ ይፈልጋሉ። ሰው የሚባለው እኔ ነኝ።

በደንቡ ሙያው የሚገባው ለበኩር ልጃቸው ለከድር ነበር። ለከድር ግን የነካው ሁሉ ቅልጥም ነው። ታናሽ እህቱ ሰሚራ አትስትም።

እንግዳ ቢስቅ፣ ታካሚ ቢጮህ፣ የጋሽ ነስሩ ቃል አንድ ነው፦ «ዝም በል፣ አጥንቱ እያወራ ነው።»

በየአረፋው አንድ መገጣጠሚያ። የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ቁርጭምጭሚት። ባለፈው ትከሻ። «ዳሌውስ?» ብትላቸው ሰሚራ፣ «ለመጪው አረፋ፣ ኢንሻአላህ» አሏት። ኢንሻአላህ ማለታቸውን ልብ ያልነው ዛሬ ነው።

ዛሬ ልጆቹ ከመርካቶ ደርሰው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀብረናቸው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንድ የሞተር ሹፌር ክንዱን ታቅፎ ገባ።

«ጋሽ ነስሩ አሉ?»

«የሉም» አለው አንዱ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

ሁሉም ወደ ከድር ዞረ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ ከድር። «እጁ ያለው እሷ ጋ ነው።»

አንድ ሽማግሌ «በለቅሶ ቀን፣ ያውም ሴት ልጅ…» ብለው ሲጀምሩ ሰሚራ ሹፌሩን አስቀምጣዋለች።

አባቷ ታካሚ ዝም ያሰኙ ነበር። እሷ የመርካቶ ነጋዴ ናትና ታስወራለች። «የማን ልጅ ነህ?» አለችው ክንዱን ይዛ። «የአባትህ አባትስ? የእሳቸውስ?» ቅድመ አያቱ ጋ ሳይደርስ ትከሻው ቦታው ገባ።

«ገና አልጨረስኩም እኮ!» አለ ልጁ።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለችው። «አስታራ የሚባለውን እንሰት ሥር፣ አሚቾውን፣ ቀቅለው ያብሉህ፤ አጥንት ይጠግናል።»

አመሻሽ ላይ አንድ እናት በቃሬዛ መጡ። ቆጮ ሲፍቁ አዳልጧቸው ወድቀዋል። ዳሌ ነው። ሰሚራ ዳበስ አደረገችና እጇን መለሰች።

«እማማ፣ ይሄን አባቴ ገና አላስተማረኝም። ሆስፒታል ይውሰዱዎት።»

መኪና ተፈልጎ ወሰዷቸው።

«የነስሩ ልጅ አላውቅም አለች?» አሉ ሽማግሌው፣ እንድትሰማ አድርገው።

ሰማች። «አገና ከተማ ዳሌ የሚያውቁ ወጌሻ አሉ አይደል?» አለች።

ድንኳኑ ተንጫጫ። በእኛ ዘንድ የወጌሻ ቤት ሙያውን ለልጁ እንጂ ለሌላ ቤት አይሰጥም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። እኚያ ሰውዬና ጋሽ ነስሩ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን አንዱ ያሰረውን ሌላው እየፈታ የኖሩ ናቸው።

«አያስተምሩሽም!» አሏት።

«እምቢታውን ከአፋቸው ልስማው። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

«የለቅሶው ሦስት ቀን ሳይወጣ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሰማንያ አልፏቸዋል ይባላል፣ አባባ። ሦስት ቀን ይጠብቁኛል?»



ጋሽ ነስሩ፣ ይረፉ ልልዎ ቁጭ ብዬ እኔው ዕረፍት አጣሁ። ልጅዎ ነገ የሌላ ወጌሻ ደጅ ልትጠና ነው። ያስተምሯት አያስተምሯት አናውቅም። ቢከፋዎትም አይቀየሟት። መቀየም ግድ ከሆነ እኔን ይቀየሙኝ፤ የአገና መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የነገርኳት እኔ ነኝ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። ደህና ይሁኑ።