ያልተመዘገበችው ጥጃ

እዚህ ሞንታና፣ የሚያዝያ በረዶ ጥጃ ለፈጀባቸው አርቢዎች መንግሥት ካሳ ይከፍላል። እንባ ግን ማስረጃ አይሆነውም፤ ከሞተው ጥጃ ጆሮ የወጣ የፕላስቲክ ቁጥር ይፈልጋል።

አንድ ሽማግሌ አርቢ ባርኔጣቸውን ገልብጠው ቢጫ ቁጥሮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉ። የቀለጠ በረዶና የድርቆሽ ሽታ ተነሣ፤ ሜዳው ተከትሏቸው ቢሮዬ የገባ መሰለኝ። አንዷን ቁጥር ግን መልሰው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«ያቺስ?» አልኳቸው።

«እሷን ተያት፣ ልጄ። ባለቤቴ በጡጦ ያሳደገቻት ናት። ወረቀት ላይ ካሰፈርሻት የምር ሞተች ማለት ነው።»

«እንግዲያው ለባለቤትዎ ሰላም ይበሉልኝ።»

«እላታለሁ።»

ፈርመው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። ፒክአፓቸው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የጋቢናውን ቀኝ በር ከፈቱ፤ አንዲት ሴት ገብታ ቀሚሷን እስክትሰበስብ ያህል ጠበቁና፣ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።