ዝም ያለው ለፋፊ

ዘርኣብሩክ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ብቻ መኖርን «ነፃነት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ የሚሉት ግን ቤታቸው ሰው የሚጠብቃቸው ናቸው። እሱ እናቱ ከሞተች ወዲህ «መቼ ነው የምታገባው?» ብሎ የሚነዘንዘው እንኳ አጣ። ጠዋት በታክሲ ሄዶ ለመኪና መከታተያ መሣሪያዎች ፕሮግራም ሲጽፍ ይውላል፤ ማታ ተመልሶ በሩን ይቆልፋል። ደረጃ ላይ ሰው ሲያጋጥመው «ደህና ዋላችሁ» ብሎ ጥጉን ይዞ ያልፋል። ጎረቤቶቹ ኩራተኛ ይመስላቸዋል። ኩራት አይደለም፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ምን እንደሚባል አያውቅም።

በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ገብረየሱስ። ከወዲያኛው ብሎክ የሚኖሩ ጡረተኛ፣ የዕድሩም ጸሐፊ ነበሩ። ሲመጡ «አንተ ልጅ፣ በሕይወት አለህ?» ይሉና ሳይጋበዙ ወንበር ይስባሉ። ኳስ ካለ ኳስ ያያሉ፤ ከሌለ ስለ ጉልበታቸው ያማርራሉ። ዘርኣብሩክ አርባን ተሻግሯል፤ ልጅ ብለው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ደስ ይለው ነበር። እሳቸው የቀሩ እንደሆነ ያ በር በሰው እጅ እንደማይነካ ያውቃል፤ ስለዚህ ሲያስሉ እንኳ ይደነግጥ ነበር።

ለፋፊው የሚባለው መሣሪያ የተሠራው በእሳቸው ምሬት ነው። ድሮ ጌጃ ሰፈር ሲኖሩ ሰው የሞተ እንደሆነ ጡሩምባ ነፊው በየቅያሱ እየዞረ ያረዳ ነበር። ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ ሰውዬው ፎቅ መውጣት አቃተው። ታች ቆሞ ቢጮህ ደግሞ ላይ ያለው ሰው ቴሌቪዥን ከፍቷል። «ሰው ጎረቤቱ ሞቶ ሳይሰማ ሊቀር ነው። ይሄ ነውር ነው!» አሉ ጋሽ ገብረየሱስ አንድ ቀን፣ ኳሱን ትተው።

ዘርኣብሩክ ለዕድሩ መሣሪያ ሠራ። በየደረጃው ድምፅ ማጉያ ሰቀለ፤ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ የሚሰካበት ሣጥን አኖረ። ጋሽ ገብረየሱስ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በድምፃቸው ሚሞሪ ላይ ይቀርጻሉ። የግቢው ጥበቃ ባጫ ይሰካና ቁልፉን ይጫናል፤ ፎቁ ሁሉ ይሰማል። ሰዉ መሣሪያውን «ለፋፊው» አለው፤ ዘርኣብሩክን ደግሞ «የለፋፊው ልጅ»። ሌላው ሰው በዚህ ይቀየም ይሆናል። እሱ ግን ስም አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ሰነበተ።

አሁን ስለ ሚሞሪ ትንሽ መናገር የግድ ነው። ሚሞሪ ሲሰካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከመሣሪያው ጋር ይጠያየቃል። ሚሞሪው ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚችል ይናገራል። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም በበኩሉ መሣሪያው መስጠት የሚችለውን ያውቃል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ኃይል ይመረጣል። የለፋፊው ቦርድ ሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት እንጂ ሌላ መስጠት አይችልም። ድራይቨሩ ግን ሁሉንም እችላለሁ ባይ ነበር። እንዲህ ብሎ የጻፈው ዘርኣብሩክ ራሱ ነው። በሙከራው ቀን አንድ ሚሞሪ አልሠራ ብሎ የዕድሩ ሽማግሌዎች ፊት ጠቆረ፤ እሱ ደግሞ የሰው ፊት ሲጠቁርበት አይችልም። ገደቡን ጥቂት ማስፋት ይበቃው ነበር። የትኛውም ሚሞሪ እንዳይመለስ ብሎ ወለል አድርጎ ከፈተው። መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው ይህን ቢያደርግ ይቆጣል። ለራሱ ሲሆን «በኋላ አስተካክለዋለሁ» አለ፤ ያ በኋላ የሚባል ቀን መቼም እንደምታውቁት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ገብረየሱስ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። የሚቀርጹበት ሚሞሪ ኮታቸው ኪስ ውስጥ አብሯቸው ሄዶ ነበር። ባጫ ከተክለ ሃይማኖት አዲስ ሚሞሪ ገዝቶ መጣና መርዶውን በራሱ ድምፅ ቀረጸ። ሰክቶ ቁልፉን ተጫነ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች። ድንኳን የጫነው መኪና በር ላይ ክላክስ ሲያደርግ ተሯሩጦ ወጣ። ለፋፊው ግን ትንፍሽ አላለም።

ዘርኣብሩክ ያን ቀን ቤቱ ነበር። እኔን የሚያበሽቀኝም ይሄ ነው። መስኮቱ ወደ መንገዱ ስለሚያይ ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ሲተከል አላየም። ልብሱን አጠበ፤ ሽሮ ሠራ። ከሰዓት ኳስ ስለነበረ ሁለተኛውን ወንበር ቴሌቪዥኑ ፊት አስጠግቶ ጋሽ ገብረየሱስን ጠበቀ። ጨዋታው አለቀ፣ አልመጡም። «ምናለ ስልክ እንኳ ቢደውሉ» ብሎ ተቀየማቸው። አመሻሽ ላይ ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ድንኳኑን አየ።

«ባጫ፣ ማን ሞተ?»

ባጫ ግራ ገባው። «እንዴ፣ ለፋፊው ተናገረ እኮ! ጋሽ ገብረየሱስ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናቸው።»

ዘርኣብሩክ ዳቦውን ረሳው። ድንኳኑ በር ድረስ ሄደ፤ መግባት ግን አልቻለም። ከቀብር ቀርቶ ምን ብሎ ይግባ? ሰው ወዳጁ ሲሞት ቤቱ ተቀምጦ ኳስ አየ ቢባል ምን ይመልሳል? የጋሽ ገብረየሱስ ቤት ደግሞ በከተማው ውስጥ የቀረችለት አንዲት ቤት ናት። ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይቱ ከተቀየሙት፣ አለቀ። ወደ ላይ ተመልሶ ልብሱን ሳያወልቅ ተኛ።

በነጋታው ጥበቃ ቤት ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ። ብዙ አልተቸገረም። አዲሱ ሚሞሪ ከሦስት ነጥብ ሦስቱ ሌላ በአንድ ነጥብ ስምንት ቮልትም መሥራት እችላለሁ የሚል ነበር። ድራይቨሩ ሁለቱም ከተስማሙበት ዝቅተኛውን ይመርጣል፤ ሁሉንም እችላለሁ ብሏልና ያንን መረጠ። ቦርዱ የሌለውን ከየት ያምጣ? ሚሞሪው ኃይል አጥቶ ዝም አለ። መብራቷ የበራችው ሣጥኑ ራሱ ኃይል ስላለው ብቻ ነው። ዘርኣብሩክ ቦርዱ የሚችለውን ብቻ ጻፈ፤ የማይስማማ ሚሞሪ የተሰካ እንደሆነም ሣጥኑ እንዲጮህ አደረገ። ባጫ ያመጣለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ያኔ ቢሠራው ኖሮ የሚፈጅበትም ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄደ። እትዬ ፀሐይቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ስላልሰማሁ ነው የቀረሁት። ጥፋቱም የኔ ነው። ለፋፊው እኔ በሠራሁት ስህተት ነው ዝም ያለው። በኔ ምክንያት ሰው ሁሉ ሳይሰማ ቀረ።»

ፀሐይቱ ቀና ብለው አዩት። «ማን ሳይሰማ ቀረ? ቀብሩ ላይ እኮ መቆሚያ አልነበረም፤ ከጌጃ ሰፈር ሳይቀር መጥተዋል። አሁን ማን ለፋፊ ይጠብቃል ልጄ? ሰዉ የተጠራራው በስልክ ነው።»

ዘርኣብሩክ ከተንበረከከበት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለፋፊውን ይጠብቅ የነበረው አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ ያኔ ገባው።

«አንተንማ ፈለግንህ» አሉ ፀሐይቱ። «ዘርኣን ጥሩልኝ ብዬ ስንቱን አስቸገርኩ። ባጫ ደግሞ ‹እሱማ ለፋፊው ነግሮታል፤ ራሱ አይደል የሠራው?› አለኝ። ስትቀር ጊዜ ‹ቁጥሩ ያላችሁ?› ብዬ ያለውን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ማንም የለውም። ጋሽህ ስልክ ላይ ብቻ ነው ያለኸው። ስልኩን ደግሞ በምን እንደሚከፍተው ሳይነግረኝ ሄደ።»

ዘርኣብሩክ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። በእናቱ ለቅሶ እንኳ እንዲያ አላለቀሰም። ዙሪያውን የተቀመጡት ለሟቹ የሚያለቅስ መስሏቸው «አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉት። ግማሹ ልክ ነበር።