ማንም የማያድርበት ደሴት

የስደት ወሬ ሲጀመር «ሌሊት ነበር» ይባላል፤ ጨለማ፣ ደላላ፣ ቀስ ብሎ የሚከፈት በር። የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ከደብረ ብርሃን የወጣሁት እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ከቅዳሴ የተመለሰው ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቶኝ፣ እናቴ ወይዘሮ አስካለ በመስኮት በኩል የዳቦ ቆሎ ከረጢት እያቀበለችኝ ነው። ተደብቄ አልሄድኩም። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ ለሽርሽር መርከብ ሠራተኛ የሚመለምሉ ሰዎች መጡ፤ ትሪ በአንድ እጄ አሸክመው ደረጃ አስወጥተው አስወረዱኝና «ትሆናለህ» አሉኝ። ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ «ጋሼ፣ ባሕሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ብሎ ጮኸ። ላክሁለት። ይህን ሁሉ የምጽፈው ያን ፎቶ ስለላክሁ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰፈሬ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ለእሷ አታንብቡላት።

መርከቡ በካሪቢያን ባሕር ላይ የሚዞር፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው የሚጭን ሆቴል ነበር። ኩባንያው የራሱ ደሴት አለው። አዎ፣ እኛ አገር ሰው ቦታ እንደሚመራው ኩባንያ ደሴት ይመራል። መጀመሪያ ሳየው ደሴት ለመባልም ያነሰ ነበር፤ ነጭ አሸዋ፣ ጥቂት ዘንባባ፣ ከኋላ ሥሩን ባሕር ውስጥ የሰደደ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ። ከአንዱ ዳር ቆመህ ሌላው ዳር ይታይሃል። የመርከብ ማቆሚያ ስለሌለው እንግዶቹን በትንንሽ ጀልባ እናመላልሳለን። ጠዋት ከሰሉን፣ ሥጋውን፣ ጃንጥላውን፣ ፎጣውን ተሸክመን እንወርዳለን፤ አመሻሽ ላይ ቆሻሻውን ሳይቀር ለቅመን እንመለሳለን። የመጨረሻው ጀልባ ከመነሳቱ በፊት አለቃችን እንደ ተማሪ አሰልፎ ስማችንን ይጠራል፤ አንድ ሰው ከጎደለ ጀልባው አይነሳም። ደሴቱ ላይ ማንም አያድርም ነበር።

ሲላስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከጎረቤቱ ባለ ኮረብታ ደሴት በጀልባ እየመጡ ቀን ቀን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ሥጋ እየጠበስኩ «ጠባቂ አይደሉ እንዴ፣ ለምን እዚሁ አያድሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው አንድ ዘንባባ አሳዩኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ብዘልም የማልደርስበት ከፍታ ላይ፣ ግንዱ ላይ የተጠመጠመ አሮጌ የዓሣ መረብ ተንጠልጥሏል።

«ማን ሰቀለው?» አልኳቸው።

«ባሕሩ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። አሸዋው እንግዳ ነው፣ ባሕር ያመጣው ነው፣ ይዞት ያለው ያ ከኋላ ያለው ቁጥቋጦ ነው አሉኝ። የአውሎ ነፋስ ወቅት ሲመጣ ውሃው በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል አሉ፣ ሰው በሳሎኑ እንደሚያልፍ አድርገው። ሥጋው እንዳያርብኝ ዞር አልኩ።

ፎቶውን ያነሳሁት በዚያው ሰሞን ነው። ሠራተኛ የእንግዳ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ይባረራል። አለቃው ወደ ጀልባው ሲሄድ ጠብቄ፣ ስሜ የተጻፈበትን ባጅ አውልቄ፣ እንግዳ ረስቶት የሄደውን ባርኔጣ ደፍቼ፣ ግማሹ የተጠጣ አናናስ ያለበት ብርጭቆ ይዤ ዘንባባ ጥላ ሥር ተንጋለልኩ። ጓደኛዬ ጠቅ አደረገው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብዬ ላክሁት። ስደተኛ ሁሉ እንዲህ ያለ ፎቶ አለው፤ የሰው መኪና ተደግፎ፣ የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እናቴ ፎቶ ቤት ወስዳ አስተልቃ፣ በመስተዋት አስደርጋ ሳሎን ሰቀለችው። ብሩክ ከሥሩ ተቀምጦ እያጠና አደገ።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው፤ ደሴቱም እንደዚያ ነው የተለወጠው። በሁለተኛው ውሌ ስመለስ ዛጎል ይሸጡ የነበሩት የጎረቤት ደሴት ሴቶች ተከልክለው ኩባንያው የራሱን «የአካባቢ ገበያ» ከፍቷል፤ ዛጎሉ ከሩቅ አገር በካርቶን ይመጣል። በሚቀጥለው ከፊት ለፊት ያለው ጥላ የሚከፈልበት ሆነ፤ ያልከፈለ ወደ ኋላ፣ ቁጥቋጦው ወዳለበት። የኋላዎቹ «ይሸታል፣ ትንኝ አለው» ብለው አመለከቱ። ቁጥቋጦው ተቆረጠ። ከዚያ መርከቡ ራሱ እንዲጠጋ የባሕሩን ሆድ ቆፍረው የመርከብ ማቆሚያ ሠሩ፤ አሸዋው በየጊዜው እየሸሸ ስላስቸገረ ሌላ አሸዋ በጀልባ አስመጡ። ሲላስ እንዳይመጡ ተነገራቸው። በመጨረሻው ወር ጀልባቸውን ራቅ አድርገው አቁመው ቆፋሪዎቹን ቆመው ሲያዩ አየኋቸው። እጄን አነሳሁ፤ አላዩኝም ወይም ማየት አልፈለጉም። ያን ቀን አንድ ክፉ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ፤ ግን ውሌ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበርና ትቼው ወጣሁ።

ኦስሎ ያመጣችኝ ሰናይት ናት። እዚሁ ያደገች የአዲስ አበባ ልጅ፣ ባርነሃገ ውስጥ ሕፃናት ትጠብቃለች፤ ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ በዘመድ ሠርግ ተዋወቅንና ተጋባን። የመኖሪያ ፈቃድ ስጠይቅ አንዲት ፈገግተኛ ሠራተኛ ፊት ተቀመጥኩ። ያለፉት አምስት ዓመታት አድራሻዬን ጠየቀችኝ።

«መርከብ ላይ» አልኳት።

የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ግድ ነው አለች። የመኝታ ክፍሌን ቁጥር ነገርኳት፤ ጻፈችው። አገር ስትለኝ እንደ ቀኑ ነው አልኳት። ለምሳሌ ማክሰኞስ? ማክሰኞ ደሴቱ ላይ ነን። ደሴቱስ የማን ነው? የኩባንያው። ኮምፒውተሩ ኩባንያን አገር ብሎ እንደማይቀበል በትሕትና አስረዳችኝ።

«ደሴቱ ላይ ትኖር ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ኔይ» አልኳት፣ «እዚያ ማንም አይኖርም።»

ብርድን ለደብረ ብርሃን ልጅ ማንም አያስተምረውም፤ የከበደኝ ጨለማው ነው። የኖርዌዮቹ አይብ ቡናማ ነው፣ ይጣፍጣል፤ አይብ እንዴት ይጣፍጣል? ደግሞ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው። ፕሪንስዳል በሚባለው ሰፈር ምድር ቤታቸውን ያከራዩን ኦድቫር ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በስሜ ብቻ ጥራኝ ብለው አስገደዱኝ። እኔ ግን በልቤም በዚህ ጽሑፍም «እሳቸው» እላለሁ። ሰው ናቸው፤ በረዶ ሲጥል ደረጃችንን ቀድመው ይጠርጋሉ። ለማንኛውም ችግር አንድ መልስ አላቸው፤ «ዴት ጎር ብራ»፣ ደህና ይሆናል። ቧንቧው ሲፈስ ዴት ጎር ብራ፣ ማሞቂያው ሲጠፋ ዴት ጎር ብራ።

እኔ ሴንትሩም፣ መሃል ከተማው፣ ቢሮ አጸዳለሁ። በጋ ላይ ትልልቆቹ መርከቦች ፊዮርዱን፣ ከተማው ድረስ የሚዘልቀውን የባሕር ክንድ፣ ሞልተው ሲቆሙ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ ጨርቁን ይዤ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ኦድቫር ወደ ላይ ጠርተውኝ በመስከረም ከባለቤታቸው ጋር የሚሄዱበትን ሽርሽር በታብሌት አሳዩኝ። ደሴቱን አላወቅሁትም፤ ያወቅሁት በስሙ ነው። ከፎቅ የሚረዝም የውሃ መንሸራተቻ፣ ገንዳ፣ መደዳውን የተሠሩ ቤቶች። አሁን ማደርም ይቻላል አሉኝ ደስ ብሏቸው። መስከረምን የመረጡት ስለሚረክስ ነበር። ለምን እንደሚረክስ፣ የአውሎ ነፋሱ ወቅት እንደሆነ፣ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ግን አከራይ ናቸውና ዘጋሁት።

በዚያው ሳምንት ብሩክ ደወለ። ያው ኩባንያ ቀጥሮታል፤ መርከብ ላይ ሳይሆን ደሴቱ ላይ። ሠራተኞች አሁን እዚያው ነው የሚያድሩት። አትሂድ አልኩት። ስለ ሲላስ፣ ስለ መረቡ፣ ስለ ቁጥቋጦው ነገርኩት። ሰማኝና «ጋሼ፣ አንተ የገባህበትን በር በእኔ ላይ ትዘጋለህ?» አለኝ።

«ወንበሩ የእኔ አልነበረም፣ ብሩኬ። ባርኔጣውም፣ መጠጡም። ሁለት ደቂቃ ነው የተቀመጥኩት።»

ሳቀ። «ሁለት ደቂቃም ቢሆን ተቀምጠሃል» አለኝ።

ሲላስ ያሉኝን ለእማዬ እንዳልነግራት አስማለኝ። ሰኔ ላይ ሄደ። በቪዲዮ እየደወለ ክፍሉን አሳየኝ፤ ለስድስት ሰው ተደራራቢ አልጋ፣ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ አየር ያለው፣ የእኔ የመርከብ ክፍል ከዚያ አይበልጥም ነበር። ተደስቷል። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነበር። ከኋላ ዛፍ አለ? የለም፣ የትንንሽ መኪኖች ማቆሚያ ነው። ዘንባባዎቹስ? ግማሾቹ ፕላስቲክ ናቸው ጋሼ፣ ቅጠላቸው አይረግፍም። ቤቱ ስንት ደረጃ አለው? ምንም ደረጃ የለውም፣ በሩን ስትከፍት አሸዋ ነው። ሰናይት ከኋላዬ ሆና «ልጁን አታስፈራራው» አለችኝ። አውሎ ነፋስ ከመጣ መርከብ መጥቶ ያወጣችኋል ወይ አልኩት። ሳያስብ «ያወጡናል እንጂ፣ ታዲያ ይተዉናል?» አለኝ።

መስከረም ላይ ኦድቫር ከመርከቡ መልእክት ላኩልኝ፤ ደሴቱ ተሰርዟል፣ አውሎ ነፋስ ስላለ ካፒቴኑ አቅጣጫ ቀይሯል፣ ዴት ጎር ብራ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ባልዲውን እዚያው ትቼ ደረጃ ላይ ወጥቼ ብሩክ ጋ ደወልኩ። አይጠራም። ሌላ ጊዜ ቢያንስ ይጠራል። ማታም፣ በማግስቱም አልጠራም። ኩባንያው ጋ ደወልኩ፤ ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንድ ሰው አነሳና የቦታ ማስያዣ ቁጥሬን ጠየቀኝ። እንግዳ አይደለሁም፣ ወንድሜ እዚያ ይሠራል አልኩት። ያለ ማስያዣ ቁጥር መረጃ መስጠት አልችልም አለኝ። ደሴቱ እንዴት ነው ብዬ ለመንኩት። «ለጊዜው ለእንግዶች ዝግ ነው» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ኦድቫር ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳያስገቡ በር ላይ ያዝኳቸው። ስለ ጉዟቸው የጠየቅኋቸው መስሏቸው ቅሬታቸውን ጀመሩ፤ ያን ያህል መንገድ ሄደው ደሴቱን ሳያዩ፣ በምትኩ ዝናብ ላይ የተሰለፉበት አንድ ወደብ።

«እዚያ ያሉት ሰዎችስ?» አልኳቸው።

«የምን ሰዎች?» አሉኝ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። «የግል ደሴት ነው እኮ። እዚያ ማንም አይኖርም።»

ይህን ቃል የት እንደሰማሁት አውቃለሁ፤ ከራሴ አፍ ነው፣ እዚያች ፈገግተኛ ሠራተኛ ፊት። ስለ ብሩክ ስነግራቸው ኦድቫር ሻንጣውን መሬት አስቀመጡ። ኩባንያው ለዚህ ሩቲነ፣ የታወቀ ሥርዓት ይኖረዋል አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ይሆናል አላሉኝም።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። እኔ እንጂ እሷ ደውላ አታውቅም። የብሩክ ስልክ እምቢ አለኝ፣ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ከዚያ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ።

«እንዲያው አላስችል ብሎኝ ነው፣ ታዴ» አለች። «የሚተኛበትን ልይ ብዬ። ቤት አጣሁበት። የቱ ጋ ነው የሚያድረው?»

ያው ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ። ድምጿን እየሰማሁ ከፍቼ አሰፋሁት። ወንበሩ፣ ብርጭቆው፣ ጥርሴ። ከኋላዬ አሸዋ፣ ከአሸዋው እኩል ባሕር። ከሰው የሚረዝም ነገር ፈለግሁ።

«ከራስህ በላይ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?» አለችኝ እናቴ። «ልብስ ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት አላየሁትም። እዚያ ላይ ማን ሰቀለው?»

«አይሰማኝም እማዬ» አልኳት፣ «መስመሩ ይቆራረጣል።»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። መስተዋቱን በነጠላዋ ስትወለውል ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።