እሳት ነው ያልሁት ጠባሳ

ባለፈው ቅዳሜ፣ በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ የልጅ ልጄ ሶስና፣ ከቀስት ልምምድ ስትመለስ የግራ ክንዷን በሻርፕ ሸፍና ገባች። ገልጬ ሳየው ከክርኗ በታች በልዞ ጠቁሯል። «ምንም አይደል እማማ፣ ጀማሪ ስለሆንኩ ነው፤ የደጋኑ ክር መታኝ» አለችና አዲስ የገዛችውን ዕቃ ዘረገፈችው። ክንድ ላይ የሚታሰር ቆዳ፣ በሴት ልክ የተሰፋ የደረት መሸፈኛ፣ ሦስት ጣት ብቻ የሚያለብስ ጓንት። ጓንቱን የሰፉት ጨርቁ አልበቃቸው ብሎ ይሆን ብዬ ሳቅሁ። አባቷ ግን፣ ልጄ ማለቴ ነው፣ አልሳቀም። «ይሄ የወንድ ሥራ ነው። አጎቴ ደምሴ በልጅነቱ ቀበሮ በቀስት ጥሏል፤ እሱ ወንድ ነው። አንቺ ከእንግዲህ አትሄጂም» አላት። ደሜ ፈላ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጠዋት ጉሙ ከቆላ ሽቅብ ሲወጣ በጉ ከፍየሉ አይለይም። የዚያ ጉም ሽታ፣ እርጥብ የበግ ጠጉርና ጦስኝ የተቀላቀለበት፣ ዛሬም እዚህ ደብረ ብርሃን ድንገት ይመጣብኛል። ምን ልል ነበር? አዎ፣ ያ ቀበሮ የወደቀበት ደጋን።

ደጋኑን የወይራ ቀንበጥ አጉብጦ የሠራው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ ነው። ሁለት ቀን ተጫወተበትና ሰለቸው። እኔ አነሣሁት። የታረደ በግ ጅማት አክርሬ አሰርሁለት፤ ሸምበቆ ቆርጬ፣ እናቴ ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ ሰርቄ ጫፉ ላይ ሰካሁ። ካብ ላይ ኩበት አቁሜ እሱን ስወጋ ከረምሁ። የሚያሳየኝ ሰው አልነበረምና ክንዴን ጅማቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ እገትረው ነበር፤ በሳብሁ ቁጥር ይገርፈኛል። ቆዳዬ ሲላጥ መቀነቴን ፈትቼ ክንዴ ላይ መጠምጠም ለመድሁ። የእኔ የአደን ልብስ እሱ ነበር።

ገና ሲቃረብ ጋሼ በጎቹን ለእኔ ጥሎ ገና ሊጫወት ሜዳ ወረደ። ቀበሮ የመንደሩን ግልገል የፈጀበት ወር ነው። ከካቡ ጥግ ብቅ ሲል አየሁት፤ ግልገላችንን አንገቱን ይዞ ይጎትታል፣ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም። መቀነት ለመፍታት ጊዜ አልነበረም። ሳብሁ፣ ለቀቅሁ። ጅማቱ ክንዴን ሰነጠቀው፤ ቀበሮው ሁለት ጊዜ ተንከባሎ ቀረ።

ጋሼ ጩኸቴን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «እታለም፣ እኔ ገደልሁት እንበል። አባባ በጎቹን ጥዬ መሄዴን ካወቀ ይገድለኛል» ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ። አሳዘነኝና እሺ አልሁ። እሺ ያልሁት ግን ከአባባ ጅራፍ ላድነው ነው እንጂ የጀግና ቅቤ እንዲቀባ አልነበረም።

አባቴ መንደሩን ጠራ። የጋሼን አናት በለጋ ቅቤ ቀቡት፤ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ዘራፍ!» ብለው ፎከሩለት። «ዛሬ ቀበሮ፣ ነገ ነብር!» ተባለ። ቅቤው በግንባሩ ሲወርድ ሳይ አልቻልሁም። «የገደልሁት እኔ ነኝ!» ብዬ የሚደማ ክንዴን አነሣሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ መሬት መሬቱን አየ። አባቴ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለና ቀጠለ፣ «ደም አፍስሳለች ተብሎ ማን ያገባሻል? ዝም በይ!»

እናቴ ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ ከቀበሮው ጎን ወስፌውን ነቀለች። የራሷን ወስፌ አታጣውም። በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ወደ ስፌቷ መለሰችው። ማታ ክንዴን አጥባ ስታስርልኝ «ለጠየቀሽ ሁሉ እሳት ነው በይ» አለችኝ።

እሳት ነው ስል አረጀሁ። ባሌንም፣ ልጆቼንም እሳት ነው አልኋቸው። ጋሼ ሲሞት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልቃሿ ከሙያው ሁሉ አስቀድማ ቀበሮውን ስታነሣ፣ ደረቴን እየደቃሁ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለራሴ አለቀስሁ። አንድ ቀን እንኳ፣ ሰው በሌለበት፣ «አንቺ ነበርሽ» ሳይለኝ ሄደ። ይኸ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

እንግዲህ ልጄ ያንኑ ቀበሮ በሶስና ላይ ሲያነሣባት እጅጌዬን ሰበሰብሁ። ጠባሳዬን ከልጅቱ ብልዝ ጎን አስጠጋሁት፤ ቦታው አንድ ነው።

«ጅማት የሚገርፈው የሳበውን ነው» አልሁት። «አጎትህ ሲሞት ገላውን ያጠብህ አንተ ነህ። ግራ ክንዱ ላይ ምን አየህ?»

ልጄ ጠባሳዬን በጣቱ ዳሰሰ። «ምንም» አለ በመጨረሻ። ቆይቶ ደግሞ ወደ ሶስና ዞረና «ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አላት።

የዛሬ ልጆች ክንዳቸውን የሚጠብቅ ቆዳ በልካቸው ተሰፍቶላቸዋል፤ እሰይ፣ ደስ ይለኛል። ለእኛ በልካችን የተሰፋልን «ዝም በይ» ብቻ ነበር። ሶስና ያን ቆዳዋን አንሥታ እኔ ክንድ ላይ አሰረችው፤ እንዴት ያለ ለስላሳ ነገር ነው! ጠባሳው እልም ብሎ ተሸፈነ።

«ፍቺው ልጄ» አልኋት። «ስንት ዘመን ሸፍኜዋለሁ። አሁን ይታይ።»