የካዛንቺሱ ጽድ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። ካዛንቺስ ውስጥ ስንት ቤት በፈረሰበት ዘመን የአንድ ጽድ ነገር ማንን ይገደዋል? ግን አባቴ ሲደማ ያየሁት በዚያ ጽድ ምክንያት ስለሆነ፣ እንደነበረ ልጽፈው እሞክራለሁ።

ጽዱን የተከሉት አያቴ ናቸው፤ አባቴ በተወለደበት ክረምት። አባቴ አድጎ፣ አግብቶ፣ ሸብቶ እንኳ ግንዱ ገና በአንድ ሰው ክንድ የሚታቀፍ ነበር። አያቴ «ጽድ አይቸኩልም፤ የልጅ ልጆቻችሁን ቀብሮ ይቆማል» ይሉ ነበር አሉ። አባቴ ይህን እንደ ኑዛዜ ያዘው። ጽዱ ከእሱ በኋላ እንዲኖር ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ደግሞ ሊያገባ ነው። በግቢው ጥግ አንድ ክፍል መሥራት አሰበ፤ ጽዱ ወደዚያው ስላዘነበለ ጣሪያ አያስመታም።

«ጋሼ፣ ለእንጨት ብለህ እኔን ሜዳ ላይ ልትጥለኝ ነው?»

«ሜዳ ላይ የሚጥልህ ምላስህ ነው።»

«በቃ፣ አንተ ጽዱን አግባ፣ እኔ ሴት ላግባ!»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በመጥረቢያ ድምፅ ነቃን። አባቴ በባዶ እግሩ ሮጦ የአጎቴን ማጅራት ጨመደደ። አጎቴ ዞሮ በቴስታ መታው፤ የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ደጃፍ ላይ ሆኜ ሰማሁት። አባቴ መጥረቢያውን ነጥቆ በእጀታው ትከሻውን ደጋግሞ መታው። እናቴ «ኡኡ! ተጋደሉ!» ስትል ጎረቤት ገብቶ አላቀቃቸው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አጎቴ ድንጋይ ተሸክሞ የአባቴን ጉልበት ሳመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ጨርቅ የሚነግዱ የወሎ ሰው፣ ፍርዱን ሰጡ።

«ጽዱ ከጉልበት በላይ ይቆረጥ። እሱ ቤቱን ይሥራ፤ ላንተም ጉቶው ያቆጠቁጥልሃል። ቀጥ ያለውን ቡቃያ መርጠህ ታሳድጋለህ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ባሕር ዛፍ ስንቴ ቆርጠህ ስንቴ በቀለ?»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሲቆረጥ ያየነው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አንዱን ሲቆርጡት አራት ሆኖ ይነሣል።

ጽዱ በሞተር መጋዝ ተገዝግዞ ሲወድቅ የኩሽናውን ቆርቆሮ ጨፈለቀው። ግቢው አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሸተተ። የጉቶው ልብ ቀይ ነበር፤ ቀለበቶቹ እንደ ክር ቀጥነው ተጣብቀዋል።

አባቴ ባምቢስ ሰፈር ወዳለው ሥራው ከመሄዱ በፊት በየጠዋቱ ጉቶውን ያጠጣ ነበር፤ ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት እንኳ ከጀሪካኑ ይቀንስለታል። ክረምት ገባ። የአጎቴ ግድግዳ ከፍ አለ፤ ከጉቶው ግን ሙጫ እንጂ ቅጠል አልወጣም። ያኔ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ መምህሬን ጠየቅሁ።

«አባዬ፣ ጽድ ከጉቶ አያቆጠቁጥም አሉ። የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው፤ ጽድ የሚነሣው ከዘር ብቻ ነው።»

«ሞቷል ማለት ነው?»

«አዎ።»

አባቴ ዲጅኖውን አነሣና በቀጥታ ወደ አጎቴ ግድግዳ ሄደ። ብሎኬቱ ሲረግፍ አጎቴ በካናቴራ ወጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ጋሼ፣ ግድግዳውን ተው፤ እኔን ምታኝ!»

አባቴ ዲጅኖውን ከራሱ በላይ አነሣ። እናቴ ዓይኗን ሸፈነች። ከዚያ ዞረና ጉቶው ላይ አወረደው። መዳፉ ተልጦ ዲጅኖው በደም እስኪያዳልጠው ድረስ ወጋው፣ ፈነቀለው፣ ሥሩን በጣጠሰው። አጎቴ ሊያግዘው ሲጠጋ በክርኑ ደረቱን መትቶ ጣለው። ከበር ውጭ ልጆች እየጨፈሩ ያንኳኳሉ፤ ማንም አልከፈተላቸውም። የመጨረሻው ሥር ተበጥሶ ጉቶው የተገለበጠው በዚያው ቀን ማታ ነው፤ ቀኑም ቡሄ ነበር።