ኮምፒውተሩ የዘቀዘቀው ነጠላ

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት... ወረታ፣ የምሠራበት ፎቶ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሁለት ሰዎች ከይፋግ በኩል መጥተው ገቡ፤ እማማ ዘነቡና የሟች ባላቸው ወንድም አያ ካሴ። እግራቸው ላይ የሩዝ ማሳ ጭቃ ደርቋል።

እማማ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው አንድ ጉርድ ፎቶ አወጡ።

«ሙሉቀን ነው፣ ልጄ። ከሄደ ቆየ። ድምፁም የለ፣ ወሬውም የለ። ካጠገቤ አቁሚልኝ።»

አያ ካሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ደግሞ ለቅሶ እንቀመጥ፣ ፍትሐት ይደረግለት እላለሁ። እሷ እምቢ አለች።»

«አልሞተማ!» አሉ እማማ።

ክርክሩ መንገዱን ሙሉ አብሯቸው እንደመጣ ያስታውቃል።

እማማን ፎቶ አነሳኋቸው። የለበሱት የአዘቦት ቀሚስ ስለነበር «የክት ነጠላ አልብሽኝ፤ ሲያየኝ ላምርበት» አሉኝ። ለዚህ የሚሆን ነጠላ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለን። ሌየር ነው። ሰውየው አንድ ሌየር፣ ልብሱ አንድ ሌየር፤ እንደ ስስ ላስቲክ እየተደራረበ አንድ ፎቶ ይሆናል። ልብሱን በሰውነታቸው ልክ ለማድረግ ጠርዙ ላይ ያሉትን ትናንሽ ነጥቦች ይዞ መጎተት ነው።

ነጠላው ረዘመባቸው። የላይኛውን ነጥብ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩ። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ዘገየ... ጨምሬ ጎተትኩ። ነጠላው ተንሸራቶ ወረደ፤ አንስቼ ትከሻቸው ላይ መለስኩት። ከዚያ ዓይኔ ወደ ሙሉቀን ሄደ። ጉርዱ ፎቶ ትንሽ ስለሆነ ባሳደግሁት ቁጥር ፊቱ ይደበዝዛል... ጉም ውስጥ እየገባ የሚሄድ ሰው ይመስላል። እሱን ለማትረፍ ስታገል ነጠላውን ረሳሁት።

«ይኸው፣ ይዩት» ብዬ ስክሪኑን አዞርኩላቸው።

አያ ካሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እማማ ዘነቡ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

«ማነው የዘቀዘቀብኝ?»

ያኔ አየሁት። ታች መሆን የነበረበት ጥለት አንገታቸው ሥር ነው። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው፣ ከደበዘዘው ልጃቸው አጠገብ ቆመዋል።

«ምልክት ነው» አሉ አያ ካሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ብናገር አልሰማሽም። ይኸው ዕቃው ተናገረ።»

ለመመለስ ቁልፉን ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ደረቀ። ደግሜ ተጫንኩ... ጭራሽ። እናትየዋ ሐዘን እንደለበሱ ስክሪኑ ላይ ቀሩ፤ የሚያወልቅላቸው ጠፋ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአፍታ እኔም ምልክት መሰለኝ።

ከዚያ ንዴቴ መጣ። ይህን በሽታ አውቀዋለኋ!

አዲስ አበባ፣ ይህን የመሰለ ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። «ነጥቡ የተቃራኒውን ጠርዝ ሲያልፍ ምስሉ ሳይናገር ይገለበጣል። እዚያ ይቁምና ይጠይቅ። እያንዳንዱ ሌየርም የትኛው ወገን ላይ እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት ይኑረው» ብዬ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። አለቃዬ ሳቀ። «ማን ያስተውለዋል? አንድ ቁልፍ አይደል፣ ይመልሱታል።» ቤቱ ሁሉ አብሮት ሳቀ። ከወራት በኋላ ያው ሐሳብ በሱ ስም ቀረበ። ለምን ስል ውሌ ሳይታደስ ቀረ። ስሜን ፋቀው እንጂ ጭንቅላቴን አልወሰደውም።

ፕሮግራሙ ነፍስ ሲዘራ ነጠላውን አቀናሁት። «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ። ይህችን ነጥብ ይዩ።» ቀስ ብዬ ጎተትኩ። ነጠላው አጠረ... አጠረ... ክር አከለ፤ ከዚያ ተገልብጦ በሌላው በኩል ብቅ አለ። መለስኩት። ደገምኩት።

«ምልክት አይደለም። የሠሩት ሰዎች ስንፍና ነው።»

«ዕቃ ያለ ምክንያት አይገለብጥም» አሉ አያ ካሴ።

እሺ! ካሜራዬን አንስቼ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቀጭ አደረግኋቸው። ያንኑ ነጠላ ደረብኩባቸው። ዘቀዘቅኩት።

«ኧረ አንች ልጅ! በቁሜ?»

«ምነው አያ? እማማ ላይ ሲሆን ምልክት፣ አንቱ ላይ ሲሆን ስሕተት?»

እማማ እጃቸውን ካናታቸው አወረዱ። ስክሪኑን ትንሽ አዩት። «አምሮብሃል፣ ካሴ» አሉ።

ሰውየው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣቸውን ማሻሸት ያዙ። «ጠልቸው መሰላችሁ? እርሻ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ነፍሱ እንዳትንከራተት ብየ ነው እንጂ...»

«ያልወጣች ነፍስ የት ትንከራተታለች?» አሉ እማማ ዘነቡ።

እኔ እዚያው ፊታቸው፣ ዳግም ሳላየው እንዳይገለበጥ፣ ነጠላው ላይ ወደ ጥለቱ የሚያመለክት ቀይ ቀስት ሣልኩ፤ ሲታተም የማይወጣ። ከዚያ ፎቶውን አትሜ ሰጠኋቸው። እናትየዋ በክት ነጠላ፣ ልጁ ካጠገባቸው፣ ትንሽ ደብዝዞ።

አያ ካሴ ባጃጅ ሊጠሩ ወጡ። እማማ በሩ ጋ ቆዩ።

«ልጄ... ያን የተዘቀዘቀውን አጠፋሽው?»

«አጠፋሁት፣ እማማ።»

«ደግ አደረግሽ።» ፎቶውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ግን አልሄዱም። ወደ ውጭ፣ ወደ አያ ካሴ ጀርባ አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«አንድ ቀን ብፈልገውሳ... መልሰሽ ትሠሪልኛለሽ?»

«እሺ» ማለት አቃተኝ። «እምቢ» ማለትም። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ፤ እሳቸውም መልሱን እንዳገኘ ሰው ወጡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። እማማ ዘነቡ እስካሁን አልመጡም።

አይምጡ።